ክሬዲቴ ተበላሽቷል፤ ማን ቤት ያከራየኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች አሜሪካ ውስጥ ቤት ስለመከራየት ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ አንድ ደንብ የት እንደሚሠራ በየቦታው ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ ክሬዲት ስኮሬ (የዕዳ አከፋፈል ታሪኬን የሚለካው ነጥብ) 548 ነው። በአንድ ወር ውስጥ አራት አፓርታማ አመልክቼ አራቱም መለሱኝ። ለማመልከቻ ብቻ ወደ 260 ዶላር ወጣብኝ፤ ምክንያቱን በቅጡ የነገረኝ ግን የለም። ደመወዜ ጥሩ ነው። አምስተኛውን ልሞክር ወይስ ስኮሬ እስኪስተካከል ልጠብቅ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ሌላ ማመልከቻ ከመክፈልዎ በፊት ለምን እንደተመለሱ ይወቁ። በ1970 የወጣው የፌዴራል የክሬዲት ሪፖርት ሕግ፣ አከራይ ከሪፖርት ባገኘው መረጃ ተነሥቶ ሰው ሲመልስ ወይም ዲፖዚት (ማስያዣ ገንዘብ) ሲጨምርበት፣ ሪፖርቱን የሰጠውን ድርጅት ስምና አድራሻ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። እርስዎም በ60 ቀን ውስጥ ያንኑ ሪፖርት ከድርጅቱ በነጻ መጠየቅ፣ ስህተት ካለበትም መከራከር ይችላሉ። “ሲስተሙ አልተቀበለዎትም” ብሎ መሸኘት አይበቃም። ለአራቱም ቢሮዎች አጭር ኢሜይል ልከው የውድቅታ ማስታወቂያውንና የአጣሪውን ድርጅት ስም ይጠይቁ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው አከራይ የሚያየው ስልኩ ላይ የሚያየውን ስኮር ብቻ ስለሚመስለው ነው። ትልልቅ አፓርታማዎች ሥራውን ለተከራይ አጣሪ ድርጅት ይሰጣሉ። አጣሪው ከኤክዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያን ወይም ከትራንስዩኒየን የክሬዲት ሪፖርት ያወጣል፤ በዚያ ላይ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የቀድሞ አከራይ ዕዳና የገቢ ማስረጃ ይጨምራል። ከዚያ “ተቀበል”፣ “በቅድመ ሁኔታ ተቀበል” ወይም “መልስ” የሚል ውጤት ይልካል። አንዳንዶቹ የራሳቸው ስኮር አላቸው፤ የትራንስዩኒየኑ ሬዚደንት ስኮር ለምሳሌ ከ350 እስከ 850 ነው የሚሄደው። 548 ኖሮት የቀድሞ አከራይ ዕዳ የሌለበት ሰው ቤት ሲያገኝ፣ 640 ኖሮት ለአፓርታማ 900 ዶላር ያልከፈለው በሩ ሊዘጋበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሦስቱንም የክሬዲት ሪፖርቶች አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ከሚባለው ድረ ገጽ፣ ወይም በ1-877-322-8228 ደውለው ያውጡ። በየሳምንቱ ነጻ ነው፤ ክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከገጠመዎት ሌላ ቦታ ገብተዋል ማለት ነው። ሪፖርቱን ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈለገው የአፓርታማ ወይም የማኔጅመንት ድርጅት ስም ያለበት ኮሌክሽን፣ ማለትም ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ ነው። ቀጥሎ የመብራት፣ የጋዝና የስልክ ዕዳ፤ መብራት በስሙ ማስገባት የማይችል ተከራይ አከራዩን ያሳስበዋል። የሕክምናና የትምህርት ብድር ዕዳን ብዙ አፓርታማዎች ከቁጥር አያስገቡትም። የሕክምና ኮሌክሽን ከ500 ዶላር በታች ከሆነ ወይም ከተከፈለ ሦስቱ ድርጅቶች ከ2023 ጀምሮ ጭራሹን አያሳዩትም፤ ካሳዩ ይከራከሩ።

አሁን ወደ ማመልከቻው። 50 ዶላር ከመክፈልዎ በፊት በኢሜይል የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ዝቅተኛ ስኮር አላችሁ? ስንት ነው? ገቢው የኪራዩን ስንት እጥፍ መሆን አለበት? የቀድሞ አከራይ ዕዳ ከተከፈለ ትቀበላላችሁ? ስኮሩ ዝቅ ያለን ሰው በተጨማሪ ዲፖዚት ወይም በኮሳይነር (በዋስ) ትቀበላላችሁ ወይስ በቀጥታ ትመልሳላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብዎን የሚያድነው እሱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አከራይ የመምረጫ መስፈርቱን ከማመልከቻው ጋር ማቅረብ አለበት፤ ሳያቀርብ ከመለሰ የማመልከቻውን ክፍያ ይመልሳል። በዋሽንግተን ስቴትና በዲሲም መስፈርቱን አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ሕጉ በማያስገድድበት ቦታም ቢሆን የሊዝ (የኪራይ ውል) ቢሮ ሠራተኛ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል፤ “እንደ ሁኔታው ነው” ብቻ የሚል ቢሮ ግን ገንዘብዎን የሚበላ ነው፤ ይለፉት።

እርስዎ ባሉበት ሜሪላንድ ከ25 ዶላር በላይ የተቀበለ አከራይ ለማጣራት ያላዋለውን ገንዘብ መመለስ አለበት። በአንድ ቦታ አራትና ከዚያ በታች ቤት ብቻ ያለው አከራይ ግን ከዚህ ነጻ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የማጣሪያ ክፍያ ከ20 ዶላር አይበልጥም። ማሳቹሴትስ ውስጥ አከራዩ ራሱ የማመልከቻ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።

ስኮሩን በተመለከተ፣ ቶሎ የሚንቀሳቀሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክሬዲት ካርድ ላይ ያለው ዕዳ። ፋይኮ በተባለው የስኮር ስሌት የአከፋፈል ታሪክ 35 በመቶ፣ የዕዳው መጠን 30 በመቶ ይይዛል። ታሪኩን ዛሬ መለወጥ አይቻልም፤ የዕዳውን መጠን ግን ይቻላል። ገደቡ 2,000 ዶላር በሆነ ካርድ ላይ 1,800 ካለብዎት 90 በመቶ ተጠቅመዋል ይባላል። ባንኩ ለክሬዲት ድርጅቶቹ የሚልከው ብዙውን ጊዜ ስቴትመንቱ (የወሩ ሒሳብ) በሚዘጋበት ቀን ያለውን ቁጥር ነው። ስለዚህ የመክፈያው ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ወደ 200 ዶላር ያውርዱት። ለውጡ በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ላይ ይታያል። ካርዱን ከፍለው እንዳይዘጉት፤ ገደቡ ከጠፋ በሌሎቹ ካርዶች ላይ ያለው ዕዳ በመቶኛ ሲሰላ ከፍ ይላል።

እስከዚያው ድረስ ከትልልቅ አፓርታማዎች ይልቅ ባለቤቱ ራሱ የሚያከራየውን ታውንሃውስ፣ ኮንዶ ወይም ቤዝመንት ይፈልጉ። ባለቤት ሰው ነው፤ ወረቀት አንብቦ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ለእሱ አንድ ፋይል ያዘጋጁ፦ የሁለት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የሦስት ወር ባንክ ስቴትመንት፣ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ኪራይ በሰዓቱ መክፈልዎን የሚያሳይ የዜል (በስልክ ከባንክ ባንክ የሚላክ ገንዘብ) ወይም የቼክ ማስረጃ፣ የአሁኑ አከራይዎ ስልኩን ጽፎ የፈረመበት ደብዳቤ። ከላዩ ላይ ደግሞ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ማብራሪያ ያስቀምጡ። ምን እንደተፈጠረ፣ መቼ እንዳበቃ፣ አሁን ምን እየከፈሉ እንደሆነ፤ ይኸው ነው። ስኮሩን ራስዎ ቀድመው ይንገሩት። ሰውየው በኋላ ራሱ ሲያገኘው “ምን ሌላ ደብቆኛል” ማለቱ አይቀርም። ልመናና የቤተሰብ ችግር ዝርዝር አያስፈልግም፤ ያንን የሚያነብ አከራይ የሚያየው ኪራዩ ሊዘገይ እንደሚችል ነው።

ጥያቄ፦ የእኔም የአባቴም ስም በጣም የተለመደ ነው። በስደት ስመጣ ልደቴ “ጃንዋሪ 1” ተብሎ ተመዘገበ። አሁን አፓርታማ ሳመለክት፣ ኖሬበት በማላውቀው ስቴት በፍርድ ቤት ከቤት ተባርረሃል፣ ዕዳም አለብህ ተባልኩ። ክሬዲት ሪፖርቴን ባወጣ ምንም የለበትም። ከየት አመጡት?
ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

መልስ፦ ያመጡት ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ከ2017 ወዲህ የፍትሐ ብሔር ፍርዶች በሦስቱ ድርጅቶች ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጡም። አጣሪ ድርጅቶች ግን የኤቪክሽን (በፍርድ ቤት ከቤት የማስወጣት) መዝገቦችን ለብቻው ይሰበስባሉ፤ ለ7 ዓመትም ሊያሳዩ ይችላሉ። የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለም፤ የልደት ቀንም ላይኖር ይችላል። ኮምፒዩተሩ ስምን ከስም ያጋጥማል። የእኛ ሰው ደግሞ በብዛት የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ነው የሚመዘገበው፤ በዚያ ላይ በስደት ከመጣው መካከል ብዙው ጃንዋሪ 1 የተወለደ ነው። አንድ የተለመደ ስም፣ አንድ የተለመደ የአባት ስም፣ አንድ ዓይነት ልደት፤ ሁለት ሰው በአንድ ፋይል ለመቀላቀል ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ለሦስቱ ክሬዲት ድርጅቶች መጻፍ እዚህ አይጠቅምም፤ ስህተቱ እነሱ ጋ አይደለም። ከአፓርታማው የአጣሪውን ስም ይቀበሉ፤ ከአጣሪው ሙሉ ሪፖርቱን ያውጡ። ሪፖርቱ ላይ የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገብ ቁጥር አለ። አብዛኞቹ ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን በድረ ገጽ ስለሚያሳዩ በቁጥሩ ፈልገው የተከሳሹን አድራሻና የመካከለኛ ስም ይዩ። ከዚያ ለአጣሪው በጽሑፍ ይከራከሩ፤ በኢንተርኔት ከላኩት በተጨማሪ ደረሰኝ ባለው ፖስታ ይላኩት። አብረው የሚላኩት የመታወቂያዎ ቅጂ፣ የግሪን ካርድዎ ወይም የፓስፖርትዎ ቅጂ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያን ዓመት ሌላ ቦታ እንደኖሩ የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ የዚያ ዓመት ደብሊው-2 (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ወረቀት)፣ የታክስ ወረቀት ወይም ሊዝ። “እኔ አይደለሁም” የሚል ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው። “መዝገቡ ላይ ያለው ሰው በ2021 ማርች እዚህ አድራሻ ነበር፤ እኔ በዚያው ወር ሚኒሶታ እሠራ ነበር፤ ደብሊው-2 ተያይዟል” የሚል ደብዳቤ ግን መልስ ያስገድዳል። ድርጅቱ 30 ቀን አለው፤ በመሃል ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ እስከ 45 ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ያለዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይላኩ።

አፓርታማው 30 ቀን እንዲጠብቅዎት የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። የክርክሩን ቅጂ ለማናጀሩ ሰጥተው ቤቱን እንዲያቆይልዎት ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ በሌላ ቦታ ሲያመለክቱ ይህንኑ ቅጂ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። የሚኒያፖሊስ ደንብ ለእርስዎ ተጨማሪ ጥቅም አለው። አከራይ ከተማው ባወጣው መስፈርት የሚያጣራ ከሆነ፣ ውድቅ የሆነ የኤቪክሽን ክስን ወይም 3 ዓመት ያለፈውን ፍርድ ምክንያት ማድረግ አይችልም፤ ክሬዲት ስኮርንም ብቻውን ምክንያት ማድረግ አይችልም። ያንን መስፈርት ካልተከተለ ደግሞ አመልካቹን በግል መመዘን አለበት።

ለወደፊቱ የአያትዎን ስም በየማመልከቻው እንደ መካከለኛ ስም ይጻፉ። የስምዎ የእንግሊዝኛ ፊደል በመታወቂያ፣ በባንክና በሊዝ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ወረቀት ላይ ፊደል ተደርቦ ሌላው ላይ ከተነጠለ፣ መልካሙ ታሪክዎ ሁለት ቦታ ተከፍሎ የሌላ ሰው ዕዳ ደግሞ እርስዎ ላይ ሊጠጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ የዛሬ 3 ዓመት ሊዝ ሳያልቅ ወጣሁ። 3,400 ዶላር ወደ ኮሌክሽን ሄዷል። ብከፍለው ከሪፖርቴ ይጠፋል? ጓደኞቼ “ተወው፣ 7 ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጠፋል” ይሉኛል።
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ጓደኞችዎ ስለ 7 ዓመቱ ልክ ናቸው፤ ለቤት ፈላጊ ግን ምክሩ መጥፎ ነው። ቤት ለመከራየት ከሁሉም የከፋው ዕዳ ይህ ነው። ብዙ አፓርታማ ያልተከፈለ የአከራይ ዕዳ ያለበትን ሰው ስኮሩ ምንም ቢሆን ይመልሳል። ተከፍሎ ዜሮ የሆነን ግን ብዙዎቹ ይቀበላሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ቁጥሩን ይመርምሩ። የሰብሳቢው የመጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከጠየቁ ዕዳውን እስኪያረጋግጥልዎ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ያ ጊዜ ካለፈም ዝርዝር ሒሳቡን ይጠይቁ። ሒሳቡ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ዲፖዚትዎ ተቀንሷል? ከወጡ በኋላ ቤቱ መቼ ለሌላ ሰው ተከራየ? ለቀለምና ለምንጣፍ የተጠየቀው በምን ማስረጃ ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ አከራይ የዲፖዚቱን ዝርዝር በ45 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ሊዝ ሰብሮ በወጣ ሰው ቤት ላይም ሌላ ተከራይ ለማግኘት መጣር አለበት። ቤቱ በስድስት ሳምንት ውስጥ ተከራይቶ ከእርስዎ የአራት ወር ኪራይ ከተጠየቀ፣ ሰብሳቢው ሒሳቡን ለመቀነስ የሚገደድበት ነጥብ ይህ ነው።

ቀጥሎ ዕዳው አሁን የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ያው አከራይ ሰብሳቢ ቀጥሮ ከሆነ ከአከራዩ ጋር በቀጥታ መነጋገር ይቻል ይሆናል፤ ዕዳው ተሽጦ ከሆነ ገዢው ጋ ነው። አንድ ጊዜ በሙሉ የሚከፈል ገንዘብ ከያዙ ቅናሽ ይጠይቁ፤ መዝገቡን ከሪፖርት እንዲያነሡም ይጠይቁ። የማንሣት ግዴታ የለባቸውም፤ የሚስማሙ ግን አሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ እጅዎ ሳይገባ አንድ ዶላር እንዳይልኩ። በስልክ የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን አይስጡ፤ በካሺየር ቼክ ይክፈሉ። ከተሰረዘልዎት ውስጥ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ሲ የሚባል የታክስ ወረቀት ሊመጣ ይችላል፤ የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ ይቆጠራልና።

ብከፍለው ስኮሬ ይነሣል ወይ ላሉት፣ በየትኛው ስሌት እንደሚታዩ ይወሰናል። ፋይኮ 8 የተከፈለ ኮሌክሽንንም ይቆጥራል፤ ፋይኮ 9ና ቫንቴጅ ስኮር የተባለው ሌላ ስሌት 3 እና 4 ግን የተከፈለውን ይተዉታል። ለእርስዎ ዋናው “ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ ቀሪ ሒሳብ ዜሮ” የሚለው ደብዳቤ ነው። ያንን ለዘለዓለም ያስቀምጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የመክሰሻ ጊዜ የሚባል ሌላ ቆጠራ አለ። በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል 5 ዓመት፣ በዲሲ 3 ዓመት ነው። በአንዳንድ ስቴቶች ጥቂት ገንዘብ መክፈል ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ማመን ያንን ቆጠራ ከአዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። ስለዚህ “በቅንነት 50 ዶላር ልላክላቸው” ማለት አይበጅም፤ ወይ ተስማምተው ይጨርሱት ወይ አይንኩት። የ7 ዓመቱን የሪፖርት ጊዜ ግን ክፍያ አያድሰውም፤ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሳይከፈል ከቀረበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው። ባንኬ ውስጥ በወር ከ6,000 ዶላር በላይ ይገባል። አከራዩ ግን ታክሴን አይቶ “ገቢህ አይበቃም” አለኝ። ስኮሬም 600 ነው። ገቢው የእኔ አይደለም እንዴ?
ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

መልስ፦ አከራዩ ያየው ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ መስመር 31ን ነው፤ የተጣራ ትርፍ የሚለውን። በ2024 ጠቅላላ ገቢዎ 89,000 ነበር እንበል። 45,000 ማይል ነድተው በማይል 67 ሳንቲም ሲቀነስ 30,150 ይሆናል። የኩባንያው ኮሚሽንና ክፍያ 15,000 ቢሆን የሚቀረው 43,850 ነው። ለ1,700 ዶላር ቤት ሦስት እጥፍ የሚጠይቅ አፓርታማ ደግሞ 61,200 ይፈልጋል። ታክስ ያዳነዎት ቁጥር ቤት ከለከለዎት።

ለማናጀሩ ማስረዳት የሚቻለው የማይል ቅናሹ ሁሉ ከኪስ የወጣ ገንዘብ አለመሆኑን ነው፤ የመኪናውን እርጅናም ይጨምራል። የ12 ወር ባንክ ስቴትመንት፣ ከኩባንያው የሚወጣውን ዓመታዊ ማጠቃለያ፣ ታክስ የሠራልዎት ሰው የተጣራውን ከእርጅናው ለይቶ የጻፈውን አንድ ገጽ ያቅርቡ። ባለቤትዎ የምትሠራ ከሆነ ሁለታችሁም ሊዙ ላይ ግቡ፤ ገቢ ይደመራል። ስሟ ከእርስዎ የተለየ መሆኑ ለእኛ ግልጽ ቢሆንም ለእነሱ ስላልሆነ የጋብቻ ወረቀቱን አብረው ያስገቡ። ወደ ኮሎራዶ የሚሄድ ሰው ደግሞ በዚያ አከራይ ከኪራዩ ሁለት እጥፍ በላይ ገቢ መጠየቅ እንደማይችል ይወቅ።

ዕቁብ የሚገቡ ከሆነ ስቴትመንቱ ላይ ሁለት ነገር ያስጠይቃል። በየወሩ ለአንድ ሰው የሚላከው 1,000 ዶላር ብድር እየከፈሉ ያስመስላል፤ ዕጣው ሲደርስ የሚገባው 15,000 ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ይሆናል። ሰብሳቢው የአባላቱን ብዛት፣ የወሩን መዋጮና ዕጣው የወጣበትን ቀን ጽፎ የፈረመበት አጭር ወረቀት ይበቃል። ገንዘቡ በጥሬው ከሆነ አንድ ላይ ያስገቡት። ከ10,000 ዶላር በላይ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያ ምንም ችግር የለውም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ነው ወንጀሉ።

“የደመወዝ ወረቀት ሠርቼ ልስጥህ” የሚል ሰው ከመጣ አይስሙት። ትልልቅ አፓርታማዎች የተነካካ ፒዲኤፍ የሚለይ ሶፍትዌር አላቸው፤ ከተያዘ በዚያ ማኔጅመንት ሥር ያለው ሕንፃ ሁሉ ሊዘጋብዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ኮሳይን አድርጊልኝ ትለኛለች። ክሬዲቷ ተበላሽቷል። እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ ግን የምገባበትን ማወቅ እፈልጋለሁ።
ከብሮንክስ፣ ኒውዮርክ

መልስ፦ የሚገቡበት ሙሉው ኪራይ ነው፤ ከሦስት ሰው ጋር ብትከራይም የሦስቱንም። ኒውዮርክ ውስጥ አከራዮች በተለምዶ ከተከራይ የወር ኪራዩን 40 እጥፍ፣ ከዋስ ደግሞ 80 እጥፍ ዓመታዊ ገቢ ይጠይቃሉ፤ ለ2,000 ዶላር ቤት ዋሱ 160,000 ማሳየት አለበት ማለት ነው። ያንን ካላሟሉ ነገሩ ያለ ቅያሜ እዚያው ያበቃል።

ካሟሉና መርዳት ከፈለጉ ይሉኝታው ወረቀቱን ሳያነቡ አያስፈርምዎ። ዋስትናው ለዚህ የ12 ወር ሊዝ ብቻ እንደሆነና ሲታደስ እንደማይቀጥል፣ ጣሪያውም ስንት እንደሆነ፣ ለምሳሌ ከሦስት ወር ኪራይ እንደማይበልጥ፣ ይጻፍ። አከራዩ ኪራይ በዘገየ ቁጥር ለእርስዎም እንዲያሳውቅ ያስጽፉ። ይህ ካልተጻፈ የሚሰሙት ዕዳው አምስት ወር ከሞላው በኋላ ነው። እሷ በሰዓቱ ብትከፍል የእርስዎ ክሬዲት አይጨምርም፤ ሳትከፍል ቀርታ ዕዳው ኮሌክሽን ከደረሰ ግን ሪፖርትዎ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው አማራጭ ምናልባት የሚከፈልበት ዋስ ነው፤ በክፍያ ዋስ የሚሆኑ ድርጅቶች አሉ። ዋጋው ከአንድ ወር ኪራይ የሚቀራረብ ሲሆን አይመለስም። ድርጅቱ ለአከራይ የከፈለውንም መልሶ ከእሷ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም አንድ ሰው በ800 ዶላር “ንጹህ የክሬዲት ቁጥር” እሰጥሃለሁ፣ በሶሻልህ ፋንታ ማመልከቻ ላይ ትሞላዋለህ ይላል። ሕጋዊ ነው?
ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

መልስ፦ አይደለም። ሲፒኤን እያሉ የሚሸጡት ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሕፃን፣ የእስረኛ ወይም የሞተ ሰው ሶሻል ነው። ማመልከቻ ላይ መሙላቱ ማጭበርበር ነው፤ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ከቤት ኪራይ ያለፈ መዘዝ አለው። በሕጋዊ መንገድ “ክሬዲት እናስተካክላለን” የሚሉ ድርጅቶችም ቢሆኑ ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል፤ ውሉንም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። እውነተኛ ዕዳን ማስጠፋት የሚችል የለም፤ ስህተቱን ደግሞ ራስዎ በነጻ ይከራከሩታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ “ክሬዲትሽ ስለተበላሸ የአራት ወር ዲፖዚት አምጪ” አለኝ። ልክፈል?
ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ በዲሲ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ክሬዲት ቢበላሽም ባይበላሽም። ኒውዮርክና ማሳቹሴትስም አንድ ወር ነው። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024፣ ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአብዛኛው አንድ ወር ሆኗል። ቨርጂኒያና ጆርጂያ ሁለት ወር ናቸው። ቴክሳስ ጣሪያ የላትም። ገደቡን በትሕትና ይንገሩት፤ በምትኩ ኪራዩ ደመወዝ በሚገባበት ቀን በቀጥታ ከባንክ እንዲላክለት ያቅርቡ።

ጣሪያውን ያላወቀ አከራይ ሐሳቡን ይለውጣል። አውቆ የሚጠይቀው ግን ሌላም ነገር ሊደብቅ ስለሚችል ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ በንብረት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ይዩ፤ ዲሲ ውስጥ ለማከራየት የንግድ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ እሱንም ይጠይቁ። ቤቱን ውስጡን ሳያዩ በዜል ወይም በጥሬ ገንዘብ ምንም አይክፈሉ። “ዲፖዚት በሌለበት፣ በወር 25 ዶላር ብቻ” የሚባለው አማራጭ ደግሞ ቁጠባ አይደለም፤ የሚከፈለው አይመለስም፤ ጉዳት ከደረሰም ዕዳው ከእርስዎ አይወርድም።

ጥያቄ፦ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። የተበላሸ ሳይሆን ምንም ክሬዲት የለኝም። ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ እሰጠዋለሁ።
ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለአጎትዎ በዜል ወይም በቼክ ይላኩ፤ “የማርች ኪራይ” ብለው ይጻፉበት። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ኪራይ ለሚቀጥለው አከራይ እንዳልተከፈለ ነው። ቢሮው ከፈቀደ ሊዙ ላይ በተከራይነት ይግቡ፤ “ኗሪ” ተብሎ መጻፍ ብቻ የኪራይ ታሪክ አያስገኝም።

በ200 ወይም በ300 ዶላር ማስያዣ ሴኪዩርድ ካርድ ያውጡ፤ በወር ከ20 እስከ 30 ዶላር ብቻ ተጠቅመው ሙሉውን ይክፈሉ። የፋይኮ ስኮር የሚወጣው ቢያንስ አንድ ሒሳብ 6 ወር ሲሞላው ነው፤ ቫንቴጅ ስኮር ቀደም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ቤት ሲፈልጉ ታዲያ “ዝቅተኛ ስኮር ስንት ነው” ብለው አይጠይቁ፤ “ስኮር የሌለውን ሰው እንዴት ነው የምትቀበሉት” ብለው ይጠይቁ። ብዙ አፓርታማዎች ለዚህ የተለየ ደንብ አላቸው፤ ስኮር የሌለውን ተጨማሪ ዲፖዚት አስከፍለው ሲያስገቡ ዝቅተኛ ስኮር ያለውን የሚመልሱ አሉ።

ማንነትዎ እንዳይሰረቅ ብለው ክሬዲትዎን ፍሪዝ አድርገው (ሌላ ሰው እንዳያየው ዘግተው) ከሆነ ከማመልከትዎ በፊት በሦስቱም ድርጅቶች ያስከፍቱ። ነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው። የተዘጋ ፋይል ያጋጠመው አጣሪ ማመልከቻውን ሊመልሰው ይችላል፤ የማመልከቻው ክፍያ ግን በዚህ ምክንያት ላይመለስ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ብቻ እንዲከፈት ቀኑን ወስነው ማዘዝም ይቻላል።